ኮለም ከማዘዛችሁ በፊት ሞለኪውሉን ጠይቁት

ባለፈው አንዲት የማስተርስ ተማሪ የዘጌ ቡና ቆልታና ፈጭታ ወደ ላብ መጣች። በኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ በኮለም ውስጥ እየገፋ ድብልቅን በሚለይ መሣሪያ) ሦስት ነገር መለካት ፈልጋለች፦ ካፌይን፣ ክሎሮጀኒክ አሲድና ትሪጎኔሊን። ዘዴውን ከአንድ ጽሑፍ ላይ ገልብጣ ነው የመጣችው። ሲ18 ኮለም (ሞለኪውሎቹ የሚለያዩበት፣ ዱቄት የሞላው ቱቦ)፣ ሜታኖልና ፎስፌት ባፈር (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 3.5። ኢንጀክት አደረገች፣ ጠበቀች፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ፒኮች (እያንዳንዱ ሞለኪውል ሲወጣ የሚታዩት ጉብታዎች) አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበዋል። ሦስተኛው ገና ከመነሻው ከሶልቨንቱ ጋር ሾልኮ ወጥቷል። በማግስቱ ስትደግመው ደግሞ የክሎሮጀኒክ አሲዱ ፒክ ቦታውን ቀይሮ አገኘችው። "ኮለሙ አርጅቷል መሰለኝ፣ ሌላ ይታዘዝልኝ" አለች።

ኮለሙ ምንም አልሆነም ነበር።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ሌላ ቦታ አንድ ኤችፒኤልሲ ለብዙ ሰው በሚዳረስበት ላብ ለምትሠሩ ነው። ኮለም ውድ ነው። ከውጭ ታዞ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ስንት ወር ይፈጃል፤ የተማሪው ጊዜ ያልቃል። ሞባይል ፌዝ (ከጠርሙሱ በኮለሙ ውስጥ የሚፈሰው ድብልቅ) ግን ዛሬ ጠዋት ቀላቅላችሁ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ታያላችሁ። ስለዚህ ሞለኪውሉን እወቁ፣ ለእሱ የሚሆን ኮለም ካላችሁ ላይ ምረጡ፣ ከዚያ በኋላ ትግላችሁ ከጠርሙሱ ጋር ይሁን። ሌላ ኮለም የሚታሰበው ጠርሙሱ አልሆን ሲል ነው።

መጀመሪያ ሞለኪውሉ

ፓምፑን ከማብራታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የምትለኩት ነገር ውሃ ይወዳል ወይስ ዘይት? አሲድ ነው፣ ቤዝ ነው ወይስ ምንም ቻርጅ የለውም? ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) ስንት ነው? በየትኛው የብርሃን ሞገድ ይታያል? እነዚህን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የልጅቷን ሦስት ሞለኪውሎች እንያቸው። ካፌይን ብዙም አያስቸግርም። ኮለሙ በሚችለው ፒኤች ሁሉ ቻርጅ የለውም፣ 273 ናኖሜትር ላይ ጥሩ ይታያል። ክሎሮጀኒክ አሲድ ስሙ እንደሚለው አሲድ ነው፤ ፒኬኤው ወደ 3.4 ገደማ ነው፣ 325 ናኖሜትር ላይ ይታያል። ትሪጎኔሊን ናይትሮጅኑ ላይ ምንጊዜም የማይለቀው ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ በዚያ ላይ የአሲድ ጫፍ አለው። ውሃ ውስጥ መኖር ነው የሚፈልገው። የሚታየው 265 አካባቢ ነው።

ይህን ስንጽፍ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። የባፈሩ ፒኤች 3.5 ነው፣ የአሲዱ ፒኬኤ 3.4። ማለት ሞለኪውሉ ግማሹ ቻርጅ ይዞ፣ ግማሹ ሳይዝ ነው የሚጓዘው። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፒኤቹ በ0.1 እንኳ ቢዛነፍ ፒኩ ይንቀሳቀሳል። የትናንቱና የዛሬው ባፈር ደግሞ በ0.1 ቢለያዩ አይገርምም።

ስቴሽነሪ ፌዝ፦ ማን ጋር ዘመድ ነው?

ገበያ የሚወርዱ ሰዎችን አስቡ። መንገድ ዳር ዘመድ ያለው ሰው በየደጁ "ኧረ ግባ፣ ጠላ ቅመስ" ይባላል፤ እዚህ ሲቀመጥ እዚያ ሲያወጋ ይዘገያል። ዘመድ የሌለው ሰተት ብሎ ያልፋል። ስቴሽነሪ ፌዙ፣ ማለትም ኮለሙ ውስጥ ያለው የማይንቀሳቀስ ዱቄት፣ መንገድ ዳር ያለው ዘመድ ነው። ሞባይል ፌዙ ደግሞ "ተነስ እንሂድ፣ ገበያው ሊበተን ነው" እያለ የሚጎትተው ጓደኛ። ፒክ የሚለያየው ሁለቱ በሚጎትቱት ልዩነት ነው።

ሲ18 ማለት የሲሊካ ቅንጣት ላይ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት የተተከለበት ነው። ዘይት መሰል ነገር ይወዳል። ሞባይል ፌዙ ውሃ የበዛበት ሲሆን ዘይት ወዳዱ ሞለኪውል ኮለሙ ላይ ይቀመጣል፣ ሜታኖል ሲጨመር ይለቃል። ይህ ሪቨርስድ ፌዝ የሚባለው ነው። "የተገለበጠ" የተባለው ከእሱ በፊት የነበረው ተቃራኒው ስለሆነ ነው፤ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኢል ጽቬት በ1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠል ቀለሞችን ሲለይ ኮለሙን የሞላው በኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበር፣ ያፈሰሰበት ደግሞ ዘይት መሰል ፈሳሽ። ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም በ1906 ያወጣለትም እሱ ነው።

አብዛኛው ሥራችሁ በሲ18 ይሠራል። የመድኃኒት ምርመራ፣ የቡና ካፌይን፣ የቡሬ በርበሬ ካፕሳይሲን፣ ማር ሲሞቅ ወይም ሲቆይ የሚበዛው ኤችኤምኤፍ፣ ሁሉም። ኤችኤምኤፍ ለምሳሌ ከመቶ 90 እጅ ውሃና 10 እጅ ሜታኖል ይበቃዋል፣ 285 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። ይህን ያህል ቀላል ነው። አንድ ኮለም ብቻ መግዛት የሚችል ላብ ካለ ያለ ማመንታት ሲ18 ይግዛ እላለሁ፤ ርዝመቱ 150 ሚሊሜትር፣ ውስጡ 4.6፣ ቅንጣቱ 5 ማይክሮን። 250 ሚሊሜትሩ በየቦታው ይታያል፤ ግን ጊዜና ሶልቨንት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም። 3 ማይክሮኑ ፒኩን ቀጭን ያደርገዋል፣ ፕሬሸሩን ግን ወደ 3 እጥፍ ያወጣዋል። ፓምፓችሁ የቆየ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ሲ18 ስትገዙ "ኤንድካፕድ" (ባዶ የቀረው ሲሊካ የተሸፈነ) የሚል ይኑርበት፣ ሲሊካውም ንጹህ ይሁን። ምክንያቱ ቤዞች ናቸው። ያልተሸፈነ ሲሊካ ላይ የቀሩ ሲላኖሎች ቤዝ የሆነ ሞለኪውልን ይይዙታል፣ ፒኩም ጅራት ያወጣል። ክሎሮኪን የለካ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሲ18 የማያዋጣው መቼ ነው? ሞለኪውሉ ውሃ ብቻ የሚወድ ሲሆን። ስኳር ጥሩ ምሳሌ ነው። የጎጃም ማር ውስጥ ፍሩክቶስና ግሉኮስ ልትለኩ ሲ18 ላይ ብትሰጡት ሁሉም ተያይዞ ሰተት ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ አሚኖ ኮለም ነው የሚፈለገው፣ ሞባይል ፌዙም ከ75 እስከ 80 እጅ አሴቶናይትራይል፣ ቀሪው ውሃ። ስኳር በዩቪ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ዲቴክተር ትጠቀማላችሁ። ያ ዲቴክተር ደግሞ ግራዲየንት (ድብልቁ በጉዞ ላይ እያለ መቀየሩን) አይወድም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ድብልቅ ነው የምትሰጡት።

የእኛም ትሪጎኔሊን ከዚሁ ወገን ነው። ሲ18 ላይ ዘመድ የለውም። የሜታኖሉን መጠን ብታወርዱ ብታወጡ ያው ከሶልቨንቱ ጋር ይወጣል። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ባዶ ሲሊካ ኮለም ነበረን፣ ድሮ በሄክሳን የተሠራበት። ሂሊክ በሚባለው መንገድ እንሞክረው አልን። እዚህ ላይ ኮለሙ ፖላር ነው፣ አሴቶናይትራይል ይበዛል፣ ጠንካራው ሶልቨንት ውሃ ይሆናል፤ ማለትም ውሃ ስትጨምሩ ፒኩ ይፈጥናል። ሲ18 የለመደ እጅ ይህን ይሳሳታል፣ ልብ በሉ።

ግን አንድ ነገር ነበር። ሄክሳንና ውሃ አይዋሃዱም። ሄክሳን የቀረበት ኮለም ውስጥ ውሃ ያለበት ነገር ብትለቁ ፕሬሸሩም ቤዝላይኑም ይረበሻል። መሃል ላይ ከሁለቱም ጋር የሚስማማ ሰው ያስፈልጋል፤ አይሶፕሮፓኖል ነው። እሱ ወፍራም ስለሆነ ፍሎውን ወደ 0.3 ሚሊሊትር በደቂቃ አውርደን ረዘም ላለ ጊዜ ለቀቅነው፣ ከዚያ አሴቶናይትራይል፣ ከዚያ ድብልቁ። ትሪጎኔሊኑ ተይዞ፣ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ ወጣ። አዲስ ኮለም አልታዘዘም።

ሞባይል ፌዝ፦ ዋናው ትግል

ሜታኖል ወይስ አሴቶናይትራይል? እኔ በሜታኖል ነው የምጀምረው። ርካሽ ነው፣ ይገኛል። አሴቶናይትራይል ቀጭን ስለሆነ ፕሬሸሩ ዝቅ ይላል፣ በዩቪም እስከ 190 ናኖሜትር ድረስ አይጋርድም፤ ሜታኖል ከ205 በታች ይጋርዳል። ስለዚህ 210 ላይ የሚነበብ ሞለኪውል ከሆነ አሴቶናይትራይሉን ውሰዱ፣ 273 ላይ ለሚነበብ ካፌይን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞ አቅርቦቱ የሚያስተማምን አይደለም። አሴቶናይትራይል የሚገኘው አክሪሎናይትራይል ሲመረት እንደ ተረፈ ምርት ነው፤ በ2008 መጨረሻና በ2009 ዋናው ምርት ሲቀንስ በመላው ዓለም ጠፍቶ ነበር። መርዝነቱም አይዘንጋ፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሳያናይድ ይቀየራል። ሜታኖልም ዓይን ያጠፋል። ሁለቱንም በጓንትና አየር በሚስብ ሁድ ሥር ነው የሚቀዳው።

አንዱ አልለይ ካላችሁ ወደ ሌላው ቀይሩ። ሁለቱ ሞለኪውሉን የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነው፤ በሜታኖል የተደረበ ፒክ በአሴቶናይትራይል የሚለያይበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን መጠኑ። ግራዲየንት ፓምፕ ካላችሁ መጀመሪያ ከ5 እስከ 95 እጅ ሜታኖል በ20 ደቂቃ ልቀቁና ፒኮቹ የት እንደሚወጡ እዩ። ከመጀመሪያው ፒክ እስከ መጨረሻው ከ5 ደቂቃ ካልበለጠ ኢሶክራቲክ (ሳይቀየር የሚሄድ አንድ ድብልቅ) ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከተበታተኑ ግራዲየንቱን ቀጥሉ። ፓምፑ አንድ ብቻ ከሆነ ከጠንካራው ጀምሩ፤ 80 እጅ ሜታኖል፣ ከዚያ 70፣ ከዚያ 60 እያላችሁ ውረዱ። ከደካማው ከጀመራችሁ ፒኩ ኮለሙ ላይ ተኝቶ ይቀርና ነገ በሌላ ሰው ሳምፕል መሃል ይወጣል።

ሜታኖሉን በ10 እጅ ስትቀንሱ ኮለሙ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል። ይህ ግምት ብዙ ድካም ያተርፋል። ለምን ያህል ይቆይ? 4.6 በ150 የሆነ ኮለም ውስጥ የሚይዘው ፈሳሽ 1.5 ሚሊሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ስትለቁ ምንም ያልተያዘ ነገር በ1.5 ደቂቃ ይወጣል። ያ ቲ ዜሮ ነው። ፒኮቻችሁ ከ4.5 ደቂቃ በፊት ባይወጡ፣ ከ16.5 በኋላም ባይዘገዩ ጥሩ ነው፤ ኬ የሚባለው (ከቲ ዜሮ በላይ የቆየበት ጊዜ የቲ ዜሮ ስንት እጥፍ እንደሆነ) ከ2 እስከ 10 ይሆናል ማለት ነው። በጣም የቀደመ ፒክ ከቆሻሻው ጋር ይደባለቃል፣ በተለይ ቡና ላይ። በጣም የዘገየው ደግሞ ጠፍጣፋ ይሆናል። በአጎራባች ፒኮች መካከል ሪዞሉሽን (የመለያየታቸው መጠን) ቢያንስ 1.5 ይሁን።

ወደ ፒኤች እንመለስ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከሞለኪውሉ ፒኬኤ ላይ አትቁሙ። ከቻላችሁ 2 ነጥብ፣ ካልሆነም ቢያንስ 1 ነጥብ ራቁ። ግን ኮለሙም ገደብ አለው፤ ተራ የሲሊካ ኮለም ከ2 በታች ሰንሰለቱ ይረግፋል፣ ከ8 በላይ ሲሊካው ራሱ ይሟሟል። ባፈሩም የሚሠራው በራሱ ፒኬኤ ዙሪያ፣ ከ1 ነጥብ ባልራቀ ቦታ ነው። ፎስፌት 2.1 እና 7.2 ላይ ጎበዝ ነው፣ አሴቴት 4.8 ላይ፣ ፎርሜት 3.8 ላይ። በፎስፌት ፒኤች 5 ላይ ባፈር ሠራሁ የሚል ሰው ውሃ ነው የሠራው።

ለልጅቷ ፒኤቹን ወደ 2.3 አወረድነው፣ ፎስፌቱ 20 ሚሊሞላር፣ ሜታኖሉ እንዳለ። ካፌይኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ቻርጅ የሌለው ነገር ፒኤች አይገደውም። ክሎሮጀኒክ አሲዱ ግን ቻርጁን ጥሎ ወደ ኮለሙ ተጠጋ፣ ዘግይቶ ለብቻው ወጣ። በማግስቱም እዚያው ነበር። ስክሪኑን አይታ ዝም አለች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

አሠራሩም ከምርጫው እኩል ነው። ሜታኖልና ውሃ ስትቀላቅሉ ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙት፣ ይሞቃል። አሴቶናይትራይልና ውሃ ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ ጠርሙሱን ላብ ያልበዋል። መጠኑም ይቀንሳል፤ 500 ሜታኖልና 500 ውሃ 1000 አይሞላም። ስለዚህ ሜታኖሉን በሲሊንደር ለብቻ፣ ውሃውን ለብቻ ለኩና ቀላቅሉ። ሜታኖል አድርጎ እስከ ምልክቱ በውሃ የሚሞላ ሰው ሌላ ድብልቅ ነው የሚሠራው፣ ፒኩም ከባልደረባው ጋር አይገጥምም። ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ ነው የሚጣራውና ዲጋስ የሚደረገው (ውስጡ ያለው አየር የሚወጣለት)። ፒኤቹን የምትለኩት ሜታኖሉ ከመግባቱ በፊት፣ ውሃው ላይ ነው። በ0.45 ማይክሮን አጣሩ። ባፈሩን በየቀኑ አዲስ ሥሩ፤ ፒኤቹ 7 አካባቢ የሆነ ፎስፌት ጠረጴዛ ላይ ካደረ ባክቴሪያ ያበቅላል፣ ኮለሙንም ይደፍነዋል። ፎስፌት ባለበት ሶልቨንቱን ከ70 እጅ በላይ አታድርጉ፣ ጨው ሆኖ ይወርዳል።

ሳምፕሉንም የምታሟሙበት ነገር ከሞባይል ፌዙ እኩል ወይም ደካማ ይሁን። ቡናውን በንጹህ ሜታኖል አውጥታችሁ 20 እጅ ሜታኖል ወዳለበት ብትሰጡት የመጀመሪያዎቹ ፒኮች ይሰነጠቃሉ። በውሃ አቅጥኑት።

መብራትና ብርድ

እነዚህ ሁለቱ የእኛው ጉዳይ ናቸው። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ባፈር እየሄደ መብራት ጠፋ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም፣ ዘግቼ ሄድኩ። ሰኞ ፓምፑን ሳበራው ፕሬሸሩ ተሰቀለ፤ ጨው ኮለሙ ጫፍ ላይ ደርቆ ነበር። በሞቀ ውሃ ቀስ እያልኩ ሁለት ቀን ታገልኩ፣ ያ ኮለም ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራ እንዳለቀ፣ ምንም ብቸኩል፣ በመጀመሪያ 90 እጅ ውሃና 10 እጅ ሜታኖል 30 ሚሊሊትር ያህል እለቃለሁ፣ በደቂቃ 1 ከሆነ ግማሽ ሰዓት ነው። ባፈሩ ሲወጣ ነው 70 እጅ ሜታኖል አድርጌ የማሳድረው። ባፈር እያለ ቀጥታ ወደ ሜታኖል መሄድ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። መብራቱ የሚቆራረጥ ሰፈር ከሆናችሁ ዩፒኤሱ ቢያንስ ለዚህ እጥበት የሚበቃ ይሁን።

ብርዱ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ሰዎችን ይመለከታል። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲለዋወጥ ፒኩ በ1 ወይም በ2 እጅ ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ክፍሉ 14 ዲግሪ ሆኖ ከሰዓት 24 ከደረሰ የ10 ዲግሪ ልዩነት ነው፣ ቀላል አይደለም። የኮለም ማሞቂያ ካለ 30 ወይም 35 ላይ አስሩት፣ ሁሌም እዚያው ይሁን። ከሌለ በየአምስት ሳምፕሉ መካከል ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ሳምፕል) ስጡ፣ ጠዋት የሰጣችሁትን ስታንዳርድ ለከሰዓት ሳምፕል አትጠቀሙበት።

ፒክ አልለይ ሲል እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሜታኖሉን መጠን፣ ከዚያ ፒኤቹን፣ ከዚያ ሜታኖሉን በአሴቶናይትራይል መቀየር፣ ከዚያ ሙቀቱን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። አራቱም እምቢ ሲሉ ወደ ፌኒል ወይም ሌላ ኮለም ሂዱ፤ ያኔ ለግዢ ክፍሉ የምታቀርቡት ማስረጃም በእጃችሁ ነው።

ኮለሙን ስትፈቱ ሁለቱን ጫፍ በደንብ ድፈኑት። ሳጥኑ ላይ ቀኑን፣ ምን ስትለኩ እንደነበረና በመጨረሻ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ምን እንደሆነ በትልቁ ጻፉበት። ያ ሲሊካ ኮለም ሳጥኑ ላይ "ሄክሳን አለው" የሚል ወረቀት ባይለጠፍበት ኖሮ እኛም ውሃውን ዝም ብለን ነበር የምንለቅበት።